ስልኩን ዘጋብኝ፦ ስለ እንግሊዝኛ ትንንሽ ቃላት

እንግሊዝኛ የሚከብደን በረጃጅም ቃላቱ ይመስለን ነበር። ተማሪ ቤት «ሪስፖንሲቢሊቲ» የሚለውን ቃል ሳይሳሳት ሰሌዳ ላይ የጻፈ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይጨበጨብለታል። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሆስፒታል አስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የማየው ግን ሌላ ነው። ያገሬን ሰው የሚጥለው ረጅሙ ቃል አይደለም። «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኦን» የሚባሉት ናቸው፤ እነዚያ ልጅ ሳለን ከጠረጴዛና ከድመት ሥዕል ጋር ተምረን ጨርሰናቸዋል ያልናቸው።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ የፈረንጆቹ ደግነት ነው። ሐኪሙ በሽተኛው እንግሊዝኛ ብዙም እንዳልሆነ ሲያይ ሊያቀልለት ይሞክራል። «ሕመሙ ቀንሷል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ «ዲክሪስ»ን ትቶ «ሃዝ ዘ ፔይን ሌት አፕ?» ይላል። ለእሱ ይሄ የልጅ እንግሊዝኛ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት አዛውንት ግን አገር ቤት ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። «ዲክሪስ»ን እንደ ውሃ ጠጥተውታል፤ ግራፍ እየሳሉ ስንቱን ተማሪ ያስተማሩበት ቃል ነው። «ሌት»ንም ያውቃሉ፣ «ፍቀድ» ነው። «አፕ» ደግሞ ላይ። ታዲያ ሕመሙ ወደ ላይ ፈቀደ? ምን ማለት ነው ይሄ? ሐኪሙ አቀለልኩ ብሎ አከበደው። የጠየቃቸው «ጋብ አለልዎ ወይ?» ብሎ ነው፣ በቃ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ እንግሊዝኛን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ ግን የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ። ማንም በእንግሊዝኛ አልተቆጣንም፣ ማንም በእንግሊዝኛ እራት ብሉ አላለንም። ስለዚህ «ኢንቬስቲጌት» እናውቃለን፣ «ሉክ ኢንቱ» ግን በመስኮት ወደ ውስጥ ማየት ይመስለናል። «ቶለሬት» እናውቃለን፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ሲባል ሦስት የምናውቃቸው ቃላት ተሰልፈው አንድም ነገር አይነግሩንም። «ፖስትፖን» እናውቃለን፤ አለቃችን «ሌትስ ፑት ኢት ኦፍ» ሲል ግን የሚጠፋ ነገር እንፈልጋለን።

ሁለቱ ዓይነት ቃላት የመጡት ከሁለት ቤት ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ ቋንቋ ሆነ። በእሱ በኩል፣ ኋላም በቀጥታ ከሊቃውንቱ ላቲን፣ እልፍ ቃል ገባ። ባላገሩ ግን በራሱ አጫጭር ግሶችና በትንንሾቹ ቃላት መናገሩን አልተወም። የሚያስቀው «ፖስትፖን» ራሱ ሲፈታ ምን እንደሆነ ነው፤ በላቲን «ፖስት» በኋላ ነው፣ «ፖኔሬ» ማስቀመጥ። ከ«ፑት ኦፍ» የሚለየው ካባ መልበሱ ብቻ ነው። እኛ ካባ የለበሰውን አውቀን፣ ያለ ካባ ሲመጣ ማን ነህ እንለዋለን።

በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም፣ ነገሩም አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እያስከተልን ትርጉሙን መለወጣችን ለውጭ ሰው ከሁሉ የባሰው ችግር ነው ብሏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግስ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ግን ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 ካነሳው ወዲህ ነው። ችግሩ ስም እስኪወጣለት 170 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው።

በእኔ ሥራ አደገኛው የ«ፓስ» ቤተሰብ ነው። «ፓስ አውት» ራስን መሳት ነው። «ፓስ አዌይ» ማረፍ፣ መሞት። «ፓስ ኦን» እንደ አነጋገሩ ሞትም ይሆናል፣ መልእክት ማስተላለፍም ይሆናል። «ፓስ አፕ» ደግሞ የመጣን ዕድል አልፈልግም ማለት። አንድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል በራፍ ላይ ነርሷ ለአንድ ጎልማሳ ስለ እናቱ ስትነግረው ደረስኩ። «ሺ ፓስድ አውት» ከማለቷ ሰውየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ ጉልበቱ ከዳው። ነርሷ ግራ ገባት፤ ወሬዋን ገና አልጨረሰችም። «ኧረ ደህና ናቸው፣ ራሳቸውን ስተው ነበር፣ አሁን ነቅተዋል» አልኩት። ሁለቴ አስደገመኝ።

ያ ሰው እንግሊዝኛ አጥቶ አይደለም። ታክሲ ይነዳል፣ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚውለው። ግን በአማርኛ «አለፈች» ካልን ብቻውን ሞት ነው፣ ሌላ ቃል አይፈልግም። «ፓስ»ን የሰማ ጆሮ ከኋላ የመጣችውን «አውት» ምን ብሎ ይጠብቃት? እኛ ወሳኙን ነገር የምንጠብቀው ከግሱ ነው። እነሱ ወሳኙን የሚያስቀምጡት ጭራው ላይ ነው።

እስቲ «ሂ ራን አውት»ን ወደ አማርኛ መልሱት። ሮጦ ወጣ። አሁን ማን የት እንደተቀመጠ እዩ። ለእንግሊዙ ዋናው ግስ ሩጫው ነው፤ መውጣቱን የነገረን ያቺ «አውት» ናት። ለእኛ ዋናው ግስ «ወጣ» ነው፤ ሩጫው «ሮጦ» ሆኖ ከፊት የሚመጣው አወጣጡን ለመናገር ያህል ነው። ሊዮናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ የዓለምን ቋንቋዎች በዚህ ከሁለት ከፍሏቸዋል፤ አንዱ ወገን የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ግሱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው ወገን ከግሱ ውጭ በምትንጠለጠል ትንሽ ቃል ያስይዛል። እንግሊዝኛ ከሁለተኛው ነው። አማርኛ ከመጀመሪያው።

ይሄ ለእኔ ከቲዎሪ በላይ ነው፤ በየቀኑ የምበላበት ነገር ነው። ትንሿን ቃል ስሰማ በአማርኛ መስተዋድድ አልፈልግላትም። ግስ እፈልግላታለሁ። «አውት» ወጣ ናት። «ኢን» ገባ። «ባክ» መለሰ። «ስሩ» አለፈ። «ኦቨር» ተሻገረ። «አዌይ» ሄደ፣ ራቀ፣ አመለጠ። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ግስ ወደፊት አምጥቼ «ሮጦ» እንዳልነው አደርገዋለሁ። «ብሬክ ኢን» ሰብሮ ገባ። «ዎክ አውት» ከስብሰባ ከሆነ ረግጦ ወጣ። «ኢት አፕ» በልቶ ጨረሰ፣ «ድሪንክ አፕ» ጠጥቶ ጨረሰ፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ ጨረሰ፤ እዚህ ላይ «አፕ» ሰማይም ጣሪያም አይደለችም፣ «ጨረሰ» የሚለው ግሳችን ናት። «ሂ ላፍድ ኢት ኦፍ» ስቆ አለፈው። «ጌት አዌይ ዊዝ» ሠርቶ አመለጠ። «ቶክ ኢንቱ» ደግሞ በጣም የምወደው ነው፤ አግባብቶ አስገባው። «አግባባ» የሚለው ቃል ሆድ ውስጥ «ገባ» ቁጭ ብሏል። እንግሊዙ «ኢንቱ» ብሎ የለጠፈውን እኛ ግሱ ውስጥ ቀብረነዋል።

ሆስፒታል ውስጥማ ይሄ ነገር ሲገጥም እንዴት ደስ እንደሚል! «ፍሌር አፕ» ብለው ሲጠይቁ፣ እኛ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» እንላለን፤ መነሳት ወደ ላይ ነው። «ብሮክ አውት ኢን ኤ ራሽ» ሽፍታ ወጣበት ነው፣ ራሷ «ወጣ»። «ስሮው አፕ» ማስመለስ ነው፤ ገና ሲያቅለሸልሸን ግን «ወደ ላይ ይለኛል» እንላለን፣ ያው «አፕ»። «ካም ዳውን ዊዝ» ታሞ ወደቀ። «ዌር ኦፍ» ደግሞ ማደንዘዣው ሲለቅ ነው። «ኦፍ»ን «ለቀቀ» ብላችሁ ሞክሯት፣ ብዙ በር ትከፍታለች። ቀለሙ ለቀቀ፣ እድፉ ለቀቀ፣ ቁልፉ ለቀቀ፣ ሁሉም «ካም ኦፍ» ነው።

ስለ «ጋብ አለ»ም አንድ ነገር ልበል፣ ከላይ አንስቼዋለሁና። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ካወቃችሁ «አለ» ምን ያህል እንደምታሠቃየው ጠይቁት። «አለ» መናገር ነው ተብሎ ተምሯል። ከዚያ ሰውየው ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ረጋ አለ፣ ዘወር አለ። ዝም ያለ ሰው ምን አለ? ይሄ የእኛ ፍሬዛል ቨርብ ነው። ግሱ ባዶ ዕቃ ነው፣ ትርጉሙን የተሸከመችው ትንሿ ቃል ናት፤ ልዩነቱ እኛ ከፊት እናስቀምጣታለን፣ እነሱ ከኋላ። «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ፣ «ስታንድ አፕ» ብድግ አለ፣ «ካልም ዳውን» ረጋ አለ፣ «ሹት አፕ» ዝም በል። ደግሞ አስቡት፣ «ሲት ዳውን» እኮ መምህሩ ገና ክፍል ሲገቡ የምንሰማው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱን የጀመርነው በፍሬዛል ቨርብ ነው፣ ማንም አልነገረንም እንጂ።

አሁን ወደ እውነተኞቹ መስተዋድዶች ልምጣ፤ እዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ስል ነው ብዬ እከራከራለሁ። «ስሮው ዘ ቦል ቱ ሂም» እና «ስሮው ዘ ቦል አት ሂም»። ኳሱ አንድ፣ ውርወራው አንድ፣ ሰውየው አንድ። በ«ቱ» ከሆነ እንዲቀልበው ነው፣ በ«አት» ከሆነ ፊቱን እንዲመታው። ይሄንን ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ሥዕል መሳል አያስፈልግም፤ ወረወረለት፣ ወረወረበት። አለቀ። «ሻውት ቱ»ና «ሻውት አት»ም በዚሁ ይገባል፣ «አት» ሲሆን ጮኸበት ነው። ዳኛው ፈረደለት ወይስ ፈረደበት የሚለውን ጥያቄ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳይቀር ይለየዋል። በ«ለት»ና በ«በት» መካከል ያለችውን ገደል እኛ ከእናታችን ጉያ ጀምሮ እናውቃታለን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ኦን» ናት። «ኦን» ጠረጴዛው ላይ ያለችው ብቻ አይደለችም። «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» በሉ። «ሃንግ አፕ» ስልክ መዝጋት ነው፤ ወሬው ሲያልቅ ሁላችንም እንዘጋለን፣ ክፋት የለውም። «ኦን ሚ» ስትጨመር ግን ዘጋብኝ ነው። እያወራሁ፣ ገና ሳልጨርስ፣ ጆሮዬ ላይ። «ማይ ካር ዳይድ ኦን ሚ» መኪናዬ ቆመብኝ፣ መንገድ መሐል፣ ስቸኩል። «ሺ ዎክድ አውት ኦን ሂም» ትታው ወጣች፣ ከነጉዱ። «ኢት ሬይንድ ኦን አስ» ዘነበብን፤ በቆሎ የዘራው ገበሬ ዘነበልን ይላል፣ ሠርግ የደገሰው ዘነበብን። ስንት ጊዜ የቋንቋ አስተማሪዎች ይቺን «ኦን» «አይ፣ ዝም ብሎ አባባል ነው» ብለው ሲያልፏት ሰምቻለሁ። አባባል አይደለችም። «ብኝ» ናት። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ሊገባው የሚችለውን ነገር ዝርዝር ውስጥ ከተው ያስሸመድዱታል።

ዝርዝር ስል ደሜ ይፈላል። ታውቁታላችሁ፤ አናቱ ላይ «ጌት» ተጽፎ ከሥሩ ጌት አፕ፣ ጌት ኦን፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ፣ ጌት ስሩ፣ እያለ እስከ ወለል የሚወርደው። በግሱ ነው የሚደረድሩት። «ጌት» እኮ እንደ እኛ «አለ» ባዶ ዕቃ ነው፣ ስለ እሱ የሚጠና ነገር የለም። በጭራው ደርድሩት። «ኦቨር»ን አንድ ቦታ ሰብስቧት፤ «ጌት ኦቨር» ሐዘኑን ተሻገረ፣ «ታይድ ኦቨር» እስከ ደሞዝ አሻገረው። ሁለት ሳይሆን አንድ ነገር ነው የምታጠኑት።

በእርግጥ ሁሉም እንዲህ አይታረቅም። «ሜክ አፕ» ላይ ብልሃቴ አይሠራም፤ ተረት መፍጠርም፣ ፊት መኳኳልም፣ ተጣልቶ መታረቅም ነው፣ እሱን መሸምደድ ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ሲያዩት ይከብዳል እንጂ ዘመዳችን ነው። «እጅ ሰጠ» እንል የለ? እነሱም ሰጡ፣ እኛም ሰጠን።

አማርኛ ራሱ ገደል የሚከተን ቦታም አለ። የእኛ «በ» ሰነፍ ናት፣ ወይም በጣም ታታሪ፣ እንደ አያያዛችሁ። በአዲስ አበባ፣ በዕለተ ሰኞ፣ በሦስት ሰዓት፣ በአውቶቡስ፣ በቢላዋ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ለአምስቱ አምስት ቃል ይጠይቃል፣ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «ዊዝ»። እኛ ደግሞ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፣ ከእሷ ጋር ተጋባ ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፣ የእነሱ «ሜሪድ ቱ» ሆኖ ሳለ። ይሄ ይታረማል፣ ማንንም አይገድልም። ከአነጋገር ዘዬ ጋር የሚመጣ ቅመም ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

መለየት ያለበት ግን መስተዋድዷ መቼ መስተዋድድ፣ መቼ የግሱ ጭራ እንደሆነች ነው። «ሂ ራን አፕ ኤ ሂል» ዳገት ሮጦ ወጣ። «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል» ዕዳ ከመረ። የተለወጠው አንድ ድምፅ ነው። ዳገቱና ዕዳው በ«ኢት» ሲተኩ ግን ይለያያሉ፤ ለዳገቱ «ራን አፕ ኢት»፣ ለዕዳው «ራን ኢት አፕ»። ጭራዋ የግሱ ከሆነች «ኢት»ን መሐል አስገብታ ራሷ መጨረሻ ላይ ትቆማለች፣ ድምፅም ከፍ ተደርጎ የሚነገረው እሷ ላይ ነው። ለዚህ ነው «ተርን ኢት ኦፍ» የሚባለው። «ተርን ኦፍ ኢት» ያለ ሰው በአንዴ ይታወቃል።

«ኦፍ»ን ካነሳን ደግሞ የሁሉንም ራስ የሚያዞረው ይቺው ነው። «ዘ ላይት ዌንት ኦፍ» መብራቱ ጠፋ። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» አላርሙ ጮኸ። አንዱ አቆመ፣ ሌላው ጀመረ፣ ግሱም ጭራዋም ያው ናቸው። ጠዋት አላርሙ «ጎ ኦፍ» ሲያደርግ ተነስተህ «ተርን ኦፍ» ታደርገዋለህ። ይሄን ሰምቶ ደብተሩን የማይዘጋ ተማሪ ካለ ጽናቱን ያብዛለት።

«ለቀቀ» ግን እዚህም ትሠራለች። አላርሙ ይዞት የቆየውን ጩኸት ለቀቀው። ጠመንጃም «ጎ ኦፍ» ሲያደርግ ጥይቱን ለቀቀው ነው። መብራቱ ደግሞ ለቆ ሄደ፤ አገር ቤትም መብራት ጠፋ ብቻ ሳይሆን መብራት ሄደ ነው የምንለው። ይሄን አማርኛ ለሚማር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳስረዳው ደስ አለው፣ ደብተሩ ላይ «ለቀቀ» ብሎ ከጎኑ «አቆመ፣ ተወ» ብሎ ጻፈ። ማደንዘዣው ለቀቀኝ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ እሺ። ከዚያ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ስልኬ ጮኸ፣ እህቴ ናት ካዲስ አበባ፣ ውሃ ለቀቁ ብላ ደስታዋን ስትነግረኝ እሱም ይሰማል።

«ውሃው አቆመ አለች?» አለኝ።

«ኧረ መጣ» አልኩት።

«ለቀቀ አላለችም እንዴ?»

«ብላለች» አልኩት። ደብተሩን አወጣ።